ሲጥ በምትል መኪና ለሽምግልና ወደ ወንጪ

ከወንጪ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ሐይቁ ይጠይቀኛል። ሐይቁ አለ፤ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። በሦስት ቀን ጉዞ ውስጥ አተኩሬ ያየሁት ግን የባለቤቴን ቀኝ እግር ነው። ስለዚህ ወንጪን ለማየት ያልታደላችሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህን ስታነቡ ስለ ተራራውና ስለ ውሃው ብዙ አትጠብቁ። ስለ ፍሬን ግን ከዚህ በኋላ ማንም አያታልላችሁም።

የሄድንበት ጉዳይ ትልቅ ነበር። ናቲ የሟች እህቴ ልጅ ነው። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግነው እኔና ባለቤቴ ግርማ ነን። አሁን ሰው ሆነና ሌንሴ የምትባል ነርስ ወደደ። ሌንሴ ሥራዋ እዚሁ አዳማ ቢሆንም አባቷ ኦቦ ቱሉ የሚኖሩት ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ስንት ሰው ገብቶበት፣ ስንት ተለምነው፣ ሽማግሌ ይምጣ ብለው ለቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ቀጠሩን። ሰውየው ቀጠሮ ላይ ቀልድ አያውቁም አሉ። በቀኑ ያልመጣ ሽማግሌ ሁለተኛ ደጃቸውን እንደማይረግጥ ተነግሮናል። ናቲ በዚያ ሳምንት የረባ እህል አልቀመሰም፤ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ግርማ ነው፤ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር። ሁለተኛው የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታፈሰ ናቸው፤ የወግና የሥርዓት ነገር ከእሳቸው ወዲያ የለም። ሦስተኛው አምቦ ላይ የሚጠብቀን የግርማ የጥንት የሥራ ባልደረባ ኦቦ ደቻሳ ነው፤ ኦሮምኛውን የሚመራልን እሱ ነው። እኔ ሽማግሌ አልነበርኩም። የሄድኩት ስንቅ ልይዝና ግርማ ክራባቱን አጣሞ ሰው ፊት እንዳይቀርብ ልጠብቀው ነው።

ዓርብ

ከአዳማ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። ጋሽ ታፈሰ የግርማ መኪና በር ላይ ቆመው ሥርዓቱን አስታወሱን። ለሽምግልና የወጣ ሰው ከመንገድ አይመለስም። መንገድ ላይም ዕቃ አያስጠግንም፣ ገዱ አያምርም። ሁላችንም አሜን አልን። ገና ከሰፈራችን ሳንወጣ መታጠፊያው ላይ ግርማ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ሲጥ አለች።

“ምንድነው?” አልኩ።

“ብርድ ነው። ስትሞቅ ትተዋለች” አለኝ።

እንግዲህ አዳማን የምታውቁ ፍረዱ። አዳማ ላይ ብርድ! ከተማችን ግን ለሰነፍ ፍሬን የተፈጠረች ናት። ሜዳ ናት፤ ነዳጁን መርገጥ ካቆምክ መኪናው ራሱ ይደክመዋል፣ ንፋሱም ከፊት እየገፋ ያግዝሃል። ስለዚህ ይቺ መኪና ስንት ወር ሲጥ ስትል እንደኖረች የሚያውቅ አምላክ ብቻ ነው። በፍጥነት መንገዱም ላይ ቢሆን ቀጥ ብሎ መሄድ ስለሆነ ችግር አልነበረም። ችግሩ መውጫው ላይ መጣ። ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ እጇን በመስኮቱ ዘርግታ ስትጠብቅ እኛ በእጇ ሥር አልፈን ሁለት እርምጃ ወዲያ ቆምን።

“አባባ፣ ወደ ኋላ ይበሉ” አለች።

ግርማ ወደ ኋላ ሲል ደግሞ በወዲያኛው በኩል አለፋት። በመጨረሻ ልጅቷ ከመቀበያ ቤቷ ወጥታ በእግሯ መጣችና ተቀበለችን። ጋሽ ታፈሰ ከኋላ ወንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አዲስ አበባን ስናቋርጥ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ግርማ አንድ ጊዜ አየው፤ ከዚያ ከመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ፕላስተር አውጥቶ ለጠፈበት። ዓይኔን ይወጋኛል ነው ያለው። ቁስል ለማሸግ የተሠራ ነገር ምልክት ሲታሸግበት ያን ቀን አየሁ። ሆለታ ስንደርስ “እባክህ አንድ ጋራዥ እናሳያት” ብዬ ለመንኩት። ጋሽ ታፈሰም ወደ ፊት ጠጋ ብለው “እኔም ብንመለከታት አልጠላም” አሉ። ግርማ በመስታወቱ አያቸውና “ጋሼ፣ ጠዋት ምን ነበር ያሉት? ገዱስ?” አላቸው። ሽማግሌው በገዛ ሥርዓታቸው ተጠልፈው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ዳዊት ይደግማሉ መሰለኝ።

ምሳ ያሰብነው ጊንጪ ነበር። ግርማ ወጣት መምህር ሳለ በያይነቱ የሚበላበት አንድ ቤት አለ፤ ከሆለታ ጀምሮ ስለዚያ ቤት ሽሮ ሲያወራ አስጎመጀን። ቤቱን አየነው። “ይኸውላችሁ!” አለና ፍሬን ያዘ። ቤቱ አለፈ። ፋርማሲው አለፈ። ፍየል የሚሸጡ ሰዎች ፍየላቸውን እየጎተቱ ከመንገዱ ወጡ። መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ መሳብ ጀምራ ነበር፤ ግርማ “መንገዱ አዘንብሎ ነው” ይላል። እንዳዘነበለች ከአስፋልቱ ወጥታ አንድ ትልቅ ድንኳን አጠገብ ቆመች።

የለቅሶ ድንኳን ነው። አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ተነሡልን።

እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ይደረጋል? ለቀስተኛ ተነሥቶልህ፣ ቦታ ተለቆልህ፣ ይቅርታ ፍሬን እምቢ ብሎን ነው ተብሎ አይኬድም። ጋሽ ታፈሰ ቀድመው ወረዱ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እኛም ተከተልን። እኔ ለማልቀስ አልተቸገርኩም፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲተናነቀኝ ነበር። የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ አጠገባችን መጥቶ ቁጭ አለ።

“ከየት ነው የመጣችሁት?”

“ከአዳማ” አለ ግርማ።

“ለአባዬ ብላችሁ ከአዳማ?” ሰውየው ዓይኑ እንባ ሞላ። “ይህን ያህል ሰው እንዳላቸው አላውቅም ነበር።”

ዋሽተን አይደለም፤ ሟቹን ከየት ታውቋቸዋላችሁ ብሎ ማንም አልጠየቀን፣ እኛም ምንም አላልን። ግን እስካሁን ያሳፍረኛል። እነዚያ ሰዎች በሐዘናቸው መካከል ውሃ አመጡልን፣ ከሁሉ ቀድመው ምስርና ሽሮ አቀረቡልን፣ “መንገደኛ ናቸው፣ ጨምሩላቸው” እያሉ ሁለት ጊዜ አስጨመሩልን። አዳማም ለቅሶ ላይ ሰው ይስተናገዳል፤ እንዲህ ግን ማንነቱን ሳይጠይቁ የሚያጎርሱ አላየሁም። ሽሮው ደግሞ ግርማ ካወራልን ሽሮ ሳይበልጥ አይቀርም።

ልንነሣ ስንል ጋሽ ታፈሰ ከአግዳሚው ንቅንቅ አላሉም።

“እኔ እስከ ሠልስት እቆያለሁ” አሉ። “ሰውየውን ድሮ አውቃቸው ነበር መሰለኝ።”

ጠጋ ብዬ “ስማቸው ማን ይባላል?” አልኳቸው በሹክሹክታ።

“ነፍስ ይማር” አሉኝ። “ከሞቱ በኋላ ስም ምን ያደርጋል?”

አንባቢ ሆይ፣ ሲጥታውን ብርድ ነው ልትል ትችላለህ። ቀዩን መብራት በፕላስተር ልትሸፍን ትችላለህ። ነገር ግን መኪናህ ውስጥ የተሳፈረ ሽማግሌ ስሙን የማያውቀውን ሟች ሠልስት ሳልውል አልሄድም ካለህ፣ ፍሬንህን ዛሬውኑ አስፈትሽ። ሦስት ሽማግሌ ብለን ተነሥተን ሳንደርስ አንዱን ለቅሶ ቤት ጥለን ወጣን። ለሰርግ ጉዳይ የወጣ ሰው ለቅሶ ቤት ገባ ማለት ደግሞ ሌላ ገድ ነው፤ እሱን አፌን ሞልቼ ለመናገር እንኳ ፈራሁ።

ከጊንጪ ወዲያ የፍሬኑ መርገጫ መስመጥ ጀመረ። ግርማ አንድ ጊዜ ሲረግጠው ወለሉ ድረስ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግመዋል፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። ጫማዬ አዲስ ስለሆነ ነው አለ። እኔም ሳላውቀው በኔ በኩል ወለሉን መርገጥ ጀመርኩ። አምቦ ስንገባ ሁለታችንም እግራችን ዝሎ ነበር።

ኦቦ ደቻሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በደስታ ይጠብቀናል። ረጅም፣ ደርባባ፣ ጋቢ የሚያምርበት ሰው ነው። መኪናዋ ስትቀርብ ፈገግ አለ፤ ይበልጥ ስትቀርብ ፈገግታውን ተወው፤ ከዚያ እጁን እንደዘረጋ ወደ ጎን ዘለለ። እኛ በሩን አልፈን የጎረቤቱን አጥር ገፍተን ጎመን መካከል ቆምን።

“ባጋ ናጋን ዱፍተን” አለ እየሮጠ መጥቶ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቱ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ “ብቻ የኔ ቤት ወዲያ ነበር” አለ።

የጎመኑ ባለቤት መምህርት ናት፣ አዴ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ወርቂቱ ትባላለች። ትቆጣናለች ብዬ ስጠብቅ ተሰባብሮ የወደቀውን ጎመን እየለቀመች “ለማንኛውም ለራት ልቆርጠው ነበር። እንግዳ መጀመሪያ የገባበት ቤት ይበላል” አለችን። እሷ ጴንጤ ናት፤ ዓርብ መሆኑን ግን ለእኛ ብላ አስታውሳ ጎመኑን በዘይት ብቻ ሠራችልን። ከዚያ የደቻሳ ሚስት ደግሞ እኔ ያዘጋጀሁትስ ብላ ተቀየመች። ስለዚህ በአንድ ምሽት ሁለት ራት በላን። አዳማ በዚያ ሰዓት ሙቀቱ እህል አያስበላም፤ አምቦ ቅዝቃዜው ሁለተኛውንም ራት አስወደደኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ከፊተኛው ጎማ ሥር ጎመኑ ረጥቦ አገኘሁት።

“ጤዛ ነው” አለ ግርማ።

በጣቴ ነካሁት፤ ያሙለጨልጫል። ኦቦ ደቻሳም ጎንበስ ብሎ ነካውና ጣቱን አሸተተ። “ግርማ፣ እኔ አምቦ ተወልጄ አምቦ ነው ያረጀሁት። የአምቦ ጤዛ ቅባት የለውም” አለው። የፍሬን ዘይት ነበር። ጋራዥ የሚከፈተው ሦስት ሰዓት ነው፤ ቀጠሯችን ደግሞ አራት ሰዓት፣ ያውም ተራራ ላይ። መኪና እንከራይ ቢባል ግርማ “ሴት ልጅ ልጠይቅ በሰው መኪና አልሄድም” ብሎ ድርቅ አለ። የወርቂቱ ባል ሞተር ብስክሌት ስላለው ትንሽ የፍሬን ዘይት ሰጠንና ጨመርንበት፤ መርገጫው ለጊዜው ነፍስ ዘራ።

ቀጥሎ የቁጥር ችግር መጣ። “ሽማግሌ ሁለት አይሆንም” አለ ደቻሳ። “አዴ ብርቄ፣ ልጁን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ሦስተኛ ይሁኑ።” ሴት ሽማግሌ ሆና ስትላክ አይቼ አላውቅም። ግን የጋሽ ታፈሰ ቦታ ባዶ ነው፤ ናቲ ደግሞ ስልክ ላይ በየአሥር ደቂቃው “ደረሳችሁ?” ይላል። ነጠላዬን አጣፋሁና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

መንገድ ላይ ደቻሳ መልስ እንዴት እንደሚሰማ አስተማረኝ። በዚያ አገር አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሽማግሌ እሺም እምቢም አይልም። እንመካከራለን ብሎ ከሸኘህ ነገሩ አልቋል፤ ቀን ቆርጦ ተመለሱ ካለህ ልጅቷን ሰጥቶሃል። “ስለዚህ ቀን ነው የምንፈልገው” አለኝ። ቀን፣ ቀን እያልኩ ወጣሁ።

ከአምቦ ወደ ወንጪ ሽቅብ ነው። ሽቅብ ሲኬድ ፍሬን አያስፈልግም፤ ግርማም “አያችሁ፣ ተሻላት” እያለ ኮራ። ገብሱ፣ እንሰቱ፣ ብርዱ ሌላ ዓለም ነው። እውነተኛ ብርድ እዚያ አገኘሁ፤ የሚገርመው ብርዱ ሲመጣ መኪናዋ ሲጥ ማለቱን ተወችው። ተሻላት ብዬ እኔም ተታለልኩ። ለካ ሲጥታ ሲቆም የባሰ ይመጣል።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ሐይቁ ከታች፣ በጣም ከታች ታየ። ሐሮ ወንጪም እዚያው ታች ነው። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ እንደወረድን የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ።

“ገበሬ ገለባ እያቃጠለ ነው” አለ ግርማ።

አሻግሬ ብመለከት አገሩ በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ጭስ ያለው ከኛ ጎማ ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ ከሥራችን ቅርርር የሚል ድምፅ ተነሣ፣ ብረት ድስት በድንጋይ ሲፈተግ እንደሚወጣው ያለ፤ ጥርሴን አስነከሰኝ። ግርማ በእጅ ፍሬንም፣ በማርሽም ብሎ ዳገቱ ጥግ ላይ አስጠጋት።

“አውርደኝ” አልኩት። “እኔ ናቲን ልድር ነው የመጣሁት፤ ናቲ እኔን እንዲቀብር አይደለም።”

ኦቦ ደቻሳም ከኋላ በሩን ሲከፍት ሰማሁ። ግርማ ብቻውን ከመሪው ጋር ቀረ፤ መኪናዬን ሜዳ ላይ ጥዬ አልገባም አለ። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። እሱ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ይወርዳል። ደቻሳ ትልቅ ድንጋይ ይዞ በጎኗ ይሄዳል፤ መኪናዋ ባመለጠች ጊዜ ጎማው ሥር ይወረውራል። እኔ ለጎብኚ ከሚያከራዩት ሰዎች አንድ ፈረስ ተከራየሁ። ባለ ፈረሱ ልጓሙን እየጎተተ፣ መኪናውን እያየ፣ ብዙ ቆይቶ “ሰውየው ባለቤትዎ ናቸው?” አለኝ።

“እስካሁን ናቸው” አልኩት።

ወንጪ የወረድነው እንዲህ ነው። ከፊት ቅርርር የምትል መኪና፤ በጎኗ ድንጋይ ጋቢው ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚሮጥ ሽማግሌ፤ ከኋላ ፈረስ ላይ ሆና የምታለቅስ ሴት። ፈረንጆች ፎቶ አነሡን። ሐይቁ በቀኜ ነበር፤ ያምራል።

ቀጠሮው ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የኦቦ ቱሉ ግቢ ፊት ያለው መስክ ላይ ደረስን። መኪናዋ ሣሩ ላይ ራሷ ቆመች። ኦቦ ቱሉ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ሁለት ዘመዶቻቸው ግራና ቀኝ ሆነው በር ላይ ቆመዋል። ሚስታቸው ከበስተኋላ ናቸው። ከቤቱ የሥጋ ሽታ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ሽማግሌ ነንና ጉዳያችን ሳይሰማ እህል ውሃ አንቀምስም። ከፈረሱ ላይ እንደ ምንም ወረድኩ። ግርማ ክራባቱ ጀርባው ላይ ነበር፤ አቃናሁለት። ሦስታችን ተሰልፈን ቀረብን፤ እንደ ሥርዓቱ ጎንበስ አልን።

ጎንበስ ስንል የደቻሳ ጋቢ ተከፈተ። ድንጋዩን አልጣለውም ነበር። ያን ሁሉ ቁልቁለት ከማቀፉ ብዛት መያዙን ረስቶታል።

ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ሰው ደጅ ከመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከባድ በደል ተፈጽሟል፤ ይቅርታ ሊለመን ነው። ኦቦ ቱሉ ድንጋዩን አዩት፤ ደቻሳን አዩት፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሚስታቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

“ምንድነው የበደላችሁኝ?” አሉ ኦቦ ቱሉ ቀስ ብለው። “ልጄን ምን አደረጋችኋት?”

ደቻሳ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠፉበት። ግርማ “ሰበቃ…” ብሎ ጀመረና የፊዚክስ ነገር እንደማያዋጣ ገባው መሰለኝ፣ ተወው። የናቲ ፊት መጣብኝ። ቀበቶው መጣብኝ።

“ኦቦ ቱሉ፣ ልጅዎ ደህና ናት” አልኩ። “የበደልነው እርስዎን አይደለም። ይህችን መኪና ነው። ድንጋዩ ለጎማዋ ነው።”

ከዚያ አፌ ከተከፈተ አልዘጋ አለ። የአዳማውን ብርድ ነገርኳቸው። የልጅቷን የተዘረጋ እጅ፣ ፕላስተሩን፣ መንገዱ አዘነበለ የተባለውን፣ የማናውቀውን ለቅሶ፣ የአዲስ ጫማውን ታሪክ፣ ጎመኑን፣ ቅባት ያለውን ጤዛ፣ የሚቃጠለውን ገለባ፣ አንድም ሳልደብቅ። ግርማ አጠገቤ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ስጨርስ የናቲን ትዳር በገዛ አፌ ቀበርኩት አልኩ በልቤ።

ኦቦ ቱሉ ወደ መኪናዋ ሄዱ። እኛ የማናውቀው ነገር ቢኖር ሰውየው ወደ እርሻቸው ከመመለሳቸው በፊት ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ መሆናቸውን ነው። በዚያ ነጭ ልብሳቸው ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። ጎማውን አሸተቱ። ክሪክ አስመጡና ጎማውን አስወልቀው ግርማን በጣታቸው ጠሩት። አርባ ዓመት ሰው የፈተነ መምህር ሲፈተን አየሁ።

“ሲጀምር ሲጥ ይል ነበር?”

“ይል ነበር።”

“አንተ ምን አልክ?”

“ብርድ ነው አልኩ።”

“የት?”

“አዳማ።”

አንዱ ዘመዳቸው ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ኦቦ ቱሉ ዲስኩን ጨምቆ ጎማውን የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ አውጥተው አሳዩት። ሸራ የሚባል ነገር አልቀረውም፤ ባዶ ብረት ነው፤ ብረቱ ዲስኩን ዙሪያውን አርሶታል። “መኪና አትዋሽም” አሉት። “መጀመሪያ በቀስታ ትነግርሃለች። ዝም ስትላት ትጮሃለች። ከዚያ ብረት በብረት ይፋጫል። ከዚያ በኋላ አትናገርም።” ግርማ ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያ ዝም ብሎ ሲሰማ በትዳራችን አይቼው አላውቅም።

እጃቸውን ታጥበው ገቡ፤ ተቀመጡ፤ እኛ ቆመናል። “አሁን ጉዳያችሁን አቅርቡ” አሉ። ደቻሳ ድንጋዩን ውጭ ትቶ፣ ቋንቋዎቹም ተመልሰውለት፣ በሚያምር ኦሮምኛና በሚያምር አማርኛ ልጅዎን ለልጃችን አለ። ኦቦ ቱሉ በበሩ ወደ መኪናዋ አሻግረው አዩ።

“ልጁ መኪና ይነዳል?”

“አይነዳም” አልኩ። “መንጃ ፈቃድም የለውም።”

“ያሳደገው ማነው?” ወደ እኔ አዩ። “እርስዎ ነዎት?”

አዎ ብል የሚሻል ይመስል ነበር። ግርማን አየሁት፤ እጁ ጥቁር ቅባት በቅባት ሆኖ፣ ክራባቱ ተመልሶ ጠሞ፣ መሬት መሬት ያያል። “እኔና እሱ ነን” አልኩ። “ናቲን በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሰው እሱ ነው።”

“እንመካከራለን” አሉ ኦቦ ቱሉ።

ልቤ ወደቀ። ደቻሳም ዓይኑን ጨፈነ። ኦቦ ቱሉ የመኪናዋን ቁልፍ ከግርማ እጅ ተቀበሉና ኪሳቸው ከተቱት።

“ተመካክረን ስንጨርስ፣ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ኑ” አሉ። “ሦስተኛዋ ይህችው ሴትዮ ትሁን። በአውቶቡስ ኑ።”

ደቻሳ ክንዴን ቆነጠጠኝ፤ ምልክቱ እስካሁን አለ። ከዚያ ተቀመጡ ተባልን፤ ጎመን በሥጋ፣ ትኩስ ቆጮ፣ የወንጪ ማር መጣ። የሌንሴ እናት በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ፣ “እንዲያ አስደንግጠሽኝ” እያሉ። ናቲ ጋ ስደውል “ቀን ቆረጡልን” ብቻ አልኩት። በስልኩ ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም ተከተልኩት።

እሑድ

እንሂድ ብንል አልለቀቁንም፤ እዚያው አደርን። ሴት ልጅ ልንወስድ ሄደን መኪና ሰጥተን ተመለስን ማለት ነው። ኦቦ ቱሉ አዲስ ሸራ ከአምቦ አስመጥተው ራሳቸው ሊገጥሙላት ቃል ገቡ። ጠዋት ጫፉ ድረስ ወጥተን ሚኒባስ ተሳፈርንና ወደ አምቦ ቁልቁል ወረድን። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ሰው እጁን ባነሣ ቁጥር እሰውየው እግር ሥር ቀጥ ያደርጋታል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ በእልልታ መካከል ያለሁ መሰለኝ።

እኔ ግን የማየው የግርማን ቀኝ እግር ነው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ ወለሉን ይረግጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ፤ ከብርዱ ጀምሮ እስከ ጤዛው በቅደም ተከተል ይዤዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል እሱ ቀደመኝ።

“ፈርቼ ነበር” አለ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ።

“ከየት ጀምሮ?”

“ከሰፈር መታጠፊያው።” እግሩ አሁንም ወለሉን ይረግጣል። “ጋራዥ ብትገባ ቀኑ ያልፋል። ቀኑ ካለፈ ልጁ ምን ይሆናል ብዬ ነው እንጂ፣ ብርድ አለመሆኑን መች አጣሁት።”

እጁን ያዝኩት፤ ቅባቱ ገና አልለቀቀም። ያዘጋጀሁለትን ንግግር ሁሉ ዋጥኩት፤ እስከ አዳማ።